ሰፊ እና ሰፋሪ

ባለፈው ሰሞን ለምዘና ጠሩኝ። ምዘና ማለት ይኸ አዲሱ ነገር ነው፤ ሙያ አለኝ የሚል ሁሉ፣ አናጢውም ግንበኛውም ልብስ ሰፊውም፣ እየተፈተነ ወረቀት ይያዝ ተብሏል። እኔ እንግዲህ ሰቆጣ ገበያ ዳር ከስፌት መኪናዬ ጋር አብረን ያረጀን ነን። እሷም ሲጢጥ ትላለች፣ እኔም ስነሳ ሲጢጥ እላለሁ።

ፈታኙ ጢሙ ገና ያላበቀለ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ሱሪ መስፋት ይችላሉ?» አለኝ።

«አባትህን ጠይቀው። የሰርጉን ሱሪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አሁንም ካልወፈረ ይገባዋል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ልጁም እንደ ማፈር ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

«እሺ፣ እዚህች ላይ ሙሉ ስምዎን ይጻፉልኝ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። እጄ ቀጥ አለ።

«ካልቻሉ በጣትዎ ይፈርሙ፣ ችግር የለም።»

«እችላለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። እውነቴን ነው፣ እችላለሁ። የጨነቀኝ የትኛውን ስም እንደምጽፍ ነው።

ሰቆጣ መጥታችሁ «ብርነሽ ሰፊዋ የት ናት?» ብትሉ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይመራችኋል። ብርነሽ ግን የእህቴ ስም ነው። እኔ እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ሌላ ነው። ያን ስም አፈር አልብሼው ይኸን ያህል ዘመን ኖሬያለሁ። ለምን እንደሆነ ለልጆቼም በቅጡ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ልናገር ነው። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች፤ ጽፋ ስትጨርስ ደግሞ እያንዳንዷን ቃል እስከ ጭራዋ ድረስ አነባታለሁ። ለምን እስከ ጭራዋ እንደምል ኋላ ይገባችኋል።

ያኔ በደርግ ጊዜ የምኖረው ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ በላይ፣ አምስት ስድስት ጎጆ ካለበት ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ባል አግብቼ ተለያይተናል። እሱ እኔ ነኝ የፈታኋት ይል ነበር፣ እኔ ነኝ የፈታሁት እላለሁ፤ አሁን እሱ ስለሞተ የእኔው ይጽና። ልጅ አልነበረኝም። ያለችኝ ታናሽ እህቴ ብርነሽ ናት። ባሏን ለጦር ወስደውት ወሬው ጠፍቶ፣ ማሬ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፋ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ ወሬኛ። እሷ እጇ የሚሠራ፣ እኔ አፌ የሚሠራ።

ቤታችን የምንነጋገረው በኽምጣኛ ነው። አማርኛ የገበያና የስብሰባ ቋንቋችን ነበር።

ሽማግሌ አሮጊት ሳይባል ሁሉም ፊደል ይቁጠር የሚል አዋጅ የወጣ ጊዜ፣ ከከተማ አንድ ቀጭን ልጅ መምህር ተብሎ ዘመተብን። ከወይራው ሥር በከሰል የጠቆረ ሳንቃ አቁሞ «ሀ፣ ሁ» ያስብለናል። ሌላው ሰው እንቅልፉን ይለጥጣል፤ እኔ ግን መታየት እወዳለሁ። ፊደሉ አልገባ ሲለኝ መላ መታሁ። መጽሐፉ ሥዕል አለው። ማረሻ ያለበት ገጽ ላይ ልጁ የሚያነበውን በቃሌ ያዝኩት፤ ላም ያለችበትንም እንዲሁ፤ ምንጭ ያለበትንም እንዲሁ። ዳዊት የሚደግም ቄስ ሁሉ ፊደሉን እያየ ነው እንዴ? በቃል ነው! ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ፈተና ሲደርስ ከአውራጃ ሰዎች መጡ። መጽሐፉን ሰጡኝ፤ ማረሻዋን በዓይኔ ጠርዝ አየኋትና እንደ ወፍ ለቀቅሁት። ሰዉ አጨበጨበ። መምህሩ ዝም ብሎ ተጠጋኝና መጽሐፉን አዙሮ አስያዘኝ። ለካ ዘቅዝቄው ኖሯል! እሱ ግን አላጋለጠኝም። እሱም «ከዚህ ቀበሌ ስንት ሰው ከመሃይምነት ወጣ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እኔ ብወድቅ እሱ ነው የሚወድቀው። እኔም አለፍኩ፣ እሱም አለፈ፣ አዋጁም አለፈ። ማህተም ያለው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር አኖርኩት።

ከዚያ ወዲያ የመንደሩ አንባቢ ሆንኩ። ወረቀት በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ነው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቼ፣ ያመጣውን ሰው ፊት አይቼ፣ «ይኸ ግብር ነው» ወይም «ይኸ ስብሰባ ነው» እላለሁ። ያኔ የሚመጣው ወረቀት ወይ ግብር ወይ ስብሰባ ነው፤ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን የምታውቀው ብርነሽ እንኳ አልነበረችም። እሷ ልጅ ታጠባ ስለነበር ወይራው ሥር አልተቀመጠችም። እህቷ የተማረች መሆኗን ከልቧ አምና ትኮራብኝ ነበር።

ቀጥሎ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ሰማዩ ሁለት ክረምት ተዘጋ። የገብሱ ማሳ አቧራ ሆነ፤ በሬው፣ ፍየሉ፣ መጨረሻ ላይ አህያዋም ሄደች። ስለዚያ ብዙ አላወራም። የምወደው ሳቅ ነው፤ እዚያ ላይ ሳቅ የለም።

በዚያ መሃል የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር መጣና «ሰቆጣ የእጅ ሙያ ማሰልጠኛ ተከፍቷል። ከየማህበሩ አንዳንድ ሴት ላኩ ተብለናል። ልብስ ስፌት ነው፤ ሦስት ወር። እዚያው ስንዴና ዘይት ይሰጣቸዋል» አለ። ስንዴ ሲል ሁላችንም ቀና አልን። ሊቀመንበሩ የተቀደደች ሱሪውን በብርነሽ እጅ ነበር የሚያስጠግናት፤ መርፌና ክር ካላችሁ እሷ ከቅዳጅ አዲስ ታወጣለች። እሷን መዘገበ። «ልጅ ይዞ መግባት ግን አይቻልም» አለ።

ብርነሽ ሦስት ቀን አለቀሰች።

«እታለም፣ ማሬ ገና ትጠባለች።»

«ምን ትጠባለች? ደረቅ ጡት! ሂጂና ስንዴ ብዪ፣ ከዚያ ላኪልን። ሦስት ወር እኮ ነው። ሰፊ ሆነሽ ስትመለሺ ለእኔ ቀሚስ ትሰፊያለሽ።»

ሰፊ። ይችን ቃል ያዙልኝ።

ማሬን አዝዬ፣ እሷን አስከትዬ ወረድን። መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰቆጣ ደረስን። ከተማው አፍ ላይ ሰው ጎርፎ ቆሟል። አንድ የቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከፊቱ ሁለት ትላልቅ የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ሰዉን ያሰልፋሉ።

ብርነሽ እጄን ይዛ «እታለም፣ እስኪ አንብቢልኝ፤ ይኸ ነው?» አለችኝ።

ሰዉ ሁሉ አንባቢ ፈልጎ ዙሪያውን ያያል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ደረቴ ይነፋል። ጡቴ ሥር ያለውን የምስክር ወረቀት ዳሰስ አድርጌ ገፍቼ ወጣሁ። ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰ አለ፤ ሰን አውቃታለሁ፣ ጉልላት ያላት ትንሽ ጎጆ ናት። ከሷ ቀጥሎ አንዲት አለች፤ ዘለልኳት። ከዚያ ፊ የምትመስል አየሁ። መጨረሻዋ «ዎች» ነው፤ ዎችን ከወይራው ሥር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰ... ፊ... ዎች።

«ሰፊዎች!» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው፣ የሰፊዎች ነው!»

ስሟን ፈለግሁ። ስም እንዲህ ሲደረደር ለእኔ ጉንዳን ነው። በብ ጀምራ ር የተከተላት አንዲት አገኘሁ፤ የአባቷም በደ ይጀምራል። አባታችን ደስታ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

«አለሽ! ብርነሽ ደስታ፣ ይኸው!»

እሷ ግን ሰዉን እያየች ነበር። ሁልጊዜም እሷ ነበረች የምታይ፣ እኔ የማወራ።

«እታለም፣ ያ ሽማግሌ እኮ ተሰልፏል። ሽማግሌም ስፌት ይማራል እንዴ?»

«አዋጁን አልሰማሽም? ትምህርት ሽማግሌ አሮጊት አይልም!»

«ሕፃንም ይዘዋል። ያቺ ሴት ሁለት ይዛለች። እንዲህ ከሆነ ማሬን ልያዛታ።»

«እነሱ ደንቡን ያልሰሙ ይሆናሉ። አንቺ ደንብ አክብሪ፤ ኋላ ስንዴውን ቢከለክሉሽስ?»

ይችን መልሴን ስንት ሌሊት አላመጥኳት መሰላችሁ።

ሰልፉ ውስጥ ሆና ማሬን አጠባቻት። ጡቷ ወተት የለውም፤ ልጅቱ ግን ይዛ ዝም አለች። ስም ጠሪው፣ ዓይነ ቀይ ካድሬ፣ ወረቀቱን ይዞ ይጮሃል። የተጠራው ይወጣል። ደስ ያለው ሰው አላየሁም። ሙያ የሚያፍሩበት ነገር ስለሆነ ተሸማቀው ነው ብዬ ገመትኩ። በእኛ አገር ያኔ ቀጥቃጭና ሸማኔ በቡዳነት ነበር የሚጠረጠር።

«ብርቄ ደሴ!» አለ ካድሬው።

የወጣ ሰው የለም።

«ብርቄ ደሴ! የለችም? ብርቄ!»

ያች ብርቄ የሞተችም እንደሆነ፣ ሰምታ ያመለጠችም እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን ዕድል ልታልፈን ነው ብዬ ዘለልኩ።

«ብርነሽ ማለትህ ነው፣ ጓድ! እዚህ ናት!»

«ብርቄ ነው የሚለው።»

«የቤት ስሟ ነው! ብርቄ እያልን ነው የምንጠራት።»

«የአባቷ ደሴ ነው?»

«ደስታን ደሴ እያልን ነዋ የምናቆላምጥ! አንተ ደግሞ በአማርኛ ታደርቀናለህ እንዴ፣ የኔ ጌታ?»

ሳቀ። እግዚሄር ያሳያችሁ፣ ያን ዓይነ ቀይ ሰው አሳቅሁት። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረና ጠየቃት።

«ሰፋሪ ነሽ?»

ይኸው ቃሉን ጥርት አድርጎ ተናገራት። ሰማሁት። እኛ ሰፊ እንላለን፣ እነሱ ሲያሳምሩት ሰፋሪ ይላሉ አልኩ በሆዴ። የተማረ ሰው ቃል ያስረዝማል።

ብርነሽ አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁላት።

«አዎ» አለች፣ «ሰፋሪ ነኝ።»

ማሬን ከጡቷ አላቅቃ ሰጠችኝ። ነጠላዋን ልጅቱ ላይ ጣለችላት። መኪናው ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ጥበቃ በብብቷ አንስቶ ወረወራት። ከላይ ሆና «እታለም፣ እግሯ ላይ ያለውን ቁስል አትርሺ» አለችኝ። መኪናው አቧራ አስነስቶ ሄደ። እኔ እጄን እያውለበለብኩ እልል አልኩ። አዎ፣ እልል ብያለሁ። ከጎኔ የቆመች አሮጊት ዞራ አየችኝና አማተበች።

ልጅቱን አዝዬ «እስኪ አክስትሽ ሙያ ቤቱን ታሳይሽ» እያልኩ ከተማ ገባሁ። ማሰልጠኛውን ጠይቄ አገኘሁት፤ አንድ ረጅም ቤት፣ በሩ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። በሩ ላይ አባ ኑሩ ቆመዋል። አባ ኑሩ የከተማው ነጋዴዎች ወገን ናቸው፤ በሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ኮፍያቸው ከጠጉራቸው የነጣ ሽማግሌ። መንግሥት አስተማሪ አድርጎ ቀጥሯቸዋል። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስም ይጠራሉ።

«ብርነሽ ደስታ! ከደሃና! አልመጣችም?»

እኔ ሳቅሁ። «አባ፣ ምነው፤ በመኪና እናንተው አይደላችሁም ያመጣችኋት? ገና አልደረሰችም እንዴ?»

«የምን መኪና?»

«የሰፊዎች መኪና ነዋ፤ መጋዘኑ ጋ የቆመው።»

አባ ኑሩ ወረቀቱን አጠፉት። ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማነው የሰፊዎች ነው ያለሽ?» አሉኝ።

«አንብቤ!» ብዬ የምስክር ወረቀቴን አወጣሁ።

አላዩትም። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የልብስ ጠመኔያቸውን አንስተው ጻፉበት። አንድ ቃል፣ ከሥሩ ሌላ ቃል።

«ይኸ ሰፊ ነው» አሉ። «ይኸኛው ሰፋሪ። የቱን ነው ያየሽው?»

ሁለቱን አየሁ። ሁለቱም በጎጆዋ ይጀምራሉ። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዘም ያለ። ረዘም ያለው ላይ መሃል ያቺ የዘለልኳት ተቀምጣለች። ከሷ ቀጥላ ደግሞ ፊን የምትመስል፣ ግን ፊ ያልሆነች።

«ይችኛዋ ማናት?» አልኩ።

«ሪ።»

«ሰፋሪ ምንድን ነው?»

«ሰፈራ የሚወስዷቸው ናቸዋ። ወደ ቆላው፣ ሩቅ። በኮረም በኩል አድርገው ነው የሚወስዷቸው። አይመለሱም፣ ልጄ።»

እኛ ዘንድ ሰው ወሰዱ ሲባል ሰምተናል። «ወሰዷቸው» ነው የምንለው፣ በኽምጣኛ። የአማርኛ ስሙን አላውቀውም ነበር።

ሮጥኩ። ልጅ አዝዬ፣ ሦስት ቀን ጠብሰቅ ያለ ነገር ያልቀመሰ ሆድ ይዤ፣ የኮረምን መንገድ ሮጥኩ። ማሬ ጀርባዬ ላይ ትነጥራለች። ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን እንደጨረስኩ ሁለቱ መኪኖች ከታች ቆመው አየሁ፤ ኬላ ላይ ሰው ይቆጥራሉ። እመቤቴ ማርያም አቁማልኝ ነው አልኩ።

ደረስኩ። «ብርዬ! ብርዬ!» እያልኩ የመኪናውን ጎን ደበደብኩ። ፊቷ ብቅ አለ።

«ውረጂ! ስፌት አይደለም! ወደ ቆላ ሊወስዱሽ ነው!»

ያልገባት መሰለኝ። «አንብበሽ የለም እንዴ፣ እታለም?» አለችኝ።

ቆጣሪው መጣ። ወጣት ነው፤ የደከመ፣ ከንፈሩ የደረቀ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ይኸም አንድ ነገር ነው የሚገርመኝ። ነገርኩት። የእሷ ስም ብርነሽ ነው፣ ብርቄ አይደለም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ምቱኝ አልኩት። እግሩን ያዝኩ።

«ተቆጥሯል» አለኝ። «ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከጎደለ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«በማርያም!»

«አንዷ ከወረደች አንዷ ትወጣለች። አንቺ ትወጫለሽ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

የመኪናውን ብረት ይዣለሁ። እግሬን ማንሳት ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ፤ እኔ ብወጣ እሷ ልጇን ይዛ ትመለሳለች፣ ስሟም እዚያ ስንዴ ያለበት ቤት በር ላይ ተጽፏል። ሁሉም ግልጽ ነው። እግሬ ግን አልተነሳም። ልጅቱን ስላዘልኩ ነው፣ ደክሜ ነው፣ ብል ውሸት ነው። ፈራሁ። መሬት ላይ መቆም አማረኝ።

ብርነሽ ከላይ ታየኛለች። እግሬን አየችው። ያቺ ሁልጊዜ የምታይ እህቴ እግሬን አየችው።

«ተይ» አለችኝ። «ተይ፣ እታለም። ማሬን ያዢልኝ። አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። የደረስኩበትን፣ ሰው ፈልጌ አስጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ታነቢዋለሽ፣ መጥተሽም ትወስጂኛለሽ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። በዚያችም ሰዓት እኮ አላነብም፣ አላውቅም፣ ውሸቴን ነው ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

ሰቆጣ ተመለስኩ። የት እሄዳለሁ? የአባ ኑሩ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስታቸው ለልጅቱ ጥቂት ቅንጬ ሰጠቻት። አባ ኑሩ ያለ እህቴ መመለሴን አይተው ነገሩ ገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ማሰልጠኛው በር ላይ ሴቶቹ ተሰለፉ። አባ ኑሩ ጠሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን እያዩ ነበር።

«ብርነሽ ደስታ።»

ሁለተኛ ጠሩ። «ብርነሽ ደስታ።»

ማሬ በበረንዳው ላይ አፈር አፏ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ቤት ውስጥ ስንዴ አለ። ሦስተኛ ጠሩ።

«አለሁ» አልኩ።

«ግቢ፣ ብርነሽ» አሉኝ።

ያን ቀን ትርንጎ ቀረች። ስሜ ትርንጎ ነው። ትርንጎ ደስታ።

ልጅቱን የአባ ኑሩ ሚስት እየያዘችልኝ፣ በእህቴ ስም የእህቴን ስንዴ በላን፤ ማሬ ተረፈች። አባ ኑሩ ሰፊና ሰፋሪ የተጻፈበትን ጥቁር ጨርቅ አላጠፉትም ነበር። መርፌ ከማስያዛቸው በፊት በየጠዋቱ «አንብቢ» ይሉኛል። ከሱ ሌላ ቃል፣ ከሱ ሌላ። «የመጀመሪያዋን አይተሽ አትሩጪ» ይሉኛል፤ «ጨርቅም እስከ ጫፉ ሳትለኪ አይቆረጥም።» በሦስተኛው ወር የእውነት አነበብኩ። ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ያን ከጡቴ ሥር የኖረውን የምስክር ወረቀት ነው። «ማንበብና መጻፍ መቻሏን እናረጋግጣለን» ይላል። እንዴት እንደ ሳቅሁ! ሴቶቹ አበደች አሉ።

ደብዳቤ ጠበቅሁ፤ ትርንጎ እኔ ነኝ ብዬ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። ብዙ ዓመት ጠበቅሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከዚያ ከቆላ በእግሯ የተመለሰች አንዲት የሰቆጣ ሴት ሱሪ ልታስጠግን ሱቄ መጣች። ወሬ ስንይዝ «ብርነሽ የምትባል ደሃናዊት አብራን ነበረች» አለችኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ትኖራለች?»

«እኔ ስወጣ ነበረች። ኋላ ወደ ሌላ ቦታ ለሥራ ሄደች መሰል። እህት ነበረቻት፣ ፊደል የቆጠረች። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስጽፋላት ነበር፤ ለትርንጎ ደስታ፣ ሰቆጣ ፖስታ ቤት ብላ። መልስ ሲጠፋ ሞታለች ብላ ተወች።»

ፖስታ ቤት ሮጥኩ። ደብዳቤ ያድል የነበረው ሰው ያስታውሳል። «አዎ፣ መጥቶ ነበር። ከተማውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ትርንጎ የሚባል ሰው የለም አሉኝ፣ መለስነው» አለኝ። የለበሰውን ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ሱቄ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ «እንደምን አደርሽ፣ ብርነሽ» እያለ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ምክር አልወድም፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ጉልበቱ ያለቀ ነው። ግን ይችን ብቻ። አዋጅ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያኔም ሁሉም ይማር አሉ፣ አሁንም ሁሉም ይማር፣ ይመዘን ይላሉ። ደግ ነው። ወረቀቱን ግን ከመያዛችሁ በፊት ነገሩን ያዙት። ሰው እንዳያፍር፣ ቁጥር እንዳይጎድል ተብሎ የሚሰጥ ወረቀት አለ፤ እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ እህቴን በእልልታ ሸኝቻለሁ። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። እኔ ይችን ቃል ዘለልኳት፣ ያቺን መሃል ያለች ፊደል እንደ ዘለልኳት።

ምዘናው ላይ እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ አልነበረም? ጻፍኩ። ትርንጎ ደስታ። ቀስ ብዬ፣ እስከ ጭራዋ።

ልጁ መዝገቡን አገላብጦ «እማማ፣ እዚህ ብርነሽ ነው የሚለው» አለኝ።

«እሱ የእህቴ ነው። የእሷን ወረቀት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬላታለሁ፤ መጥታ ትወስደዋለች። የኔን አዲስ ስጠኝ።»

«ከዚህ በፊት በራስዎ ስም ያገኙት ማስረጃ አለ?»

«አንድ ነበረኝ» አልኩት፣ «ውሸት ነበር።»

ከእናንተ መሃል በምዕራብ በኩል፣ በቆላው አገር የሚኖር ካለ፣ ብርነሽ ደስታ የምትባል፣ ወሬ የማታበዛ፣ ሁሉን ነገር የምታይ፣ እጇ ከቅዳጅ አዲስ የሚያወጣ አሮጊት ካጋጠማችሁ፣ ልጅሽ ማሬ አራት ወልዳለች በሏት፤ ይኸን የጻፈችውም የመጨረሻዋ ናት። ትርንጎም አለች በሏት። ሰቆጣ ናት፣ ስሟም ተመልሷል፣ ደብዳቤ ብትልኪላት አሁን ይደርሳታል በሏት።

ታነበዋለችም በሏት። አሁን ታነባለች።